በፈላና በር የሞተው ሰውና የመኪና ግርግር መርማሪዎች

በሕይወቴ ፖሊስ ፊት ቆሜ የመሰከርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ተሳስቼ ነው። በፍርሃት ወይም በጥቅም ተሳስቼ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ እኔ ግን የተሳሳትኩት በሙያዬ ተማምኜ ነው። ልብስ ሰፊ ነበርኩ። በሐረር ግንብ ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ግራና ቀኝ ተደርድረን የስፌት መኪና ከምንረግጠው ሰዎች አንዱ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከእኛ ጫጫታ ነው። እዚያ የሠራ ሰው ሁሉ እቤቱም ገብቶ ጮክ ብሎ የሚያወራው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሚስቴ እስከ ዛሬ «አልደነቆርኩም እኮ» ትለኛለች።

ዘመኑ ጣሊያን ከወጣ አሥር አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከቁም ሣጥን ብዙም በማይሰፋ ቦታ፣ ክር፣ መርፌና የልብስ ቁልፍ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ሰፈሩ «ባለክሯ» ይላታል፤ እኔ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ» ነበር የምላት። የዚያች ሴት ዓይን ለጉድ ነው። ሰውየው ክር መርጦ እስኪጨርስ ድረስ ከየት እንደመጣና ሚስቱ እንዳኮረፈችው ታውቃለች። አንድ ጊዜ የመጣ ደንበኛዬን አይታ «ይህ ሰውዬ ልብሱን የሚያሰፋው ለፍርድ ቤት ነው» አለችኝ። እውነትም ለካ ከወንድሙ ጋር በመሬት ተካሶ ነበር። እንዴት አወቅሽ ስላት «ጥቁር ጨርቅ መርጦ ሐዘንተኛ አይመስልም፤ ደግሞ እስከ ማክሰኞ አድርስልኝ አለህ፤ ማክሰኞ ማን ያገባል?» አለችኝ።

ከኛ ሱቅ ቀጥሎ ቁርኣንና ኪታብ በቆዳ የሚደጉሱ የሐረሪ ሽማግሌ ነበሩ። ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ጫታቸውን ይዘው የኔ በር ላይ ይቀመጣሉ። እኔ በሻይ፣ እሳቸው በጫት፣ ባለክሯ በባዶ አፏ ሆነን የዓለምን ነገር ስንፈታ እንውላለን። አራተኛችን ከሆስፒታሉ ሲወጣ በኛ በኩል የሚያልፈው ድሬሰር ነው። ቁስል የሚጠርግ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ግን «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱም መቃወም ሰልችቶታል። በእኛ በኩል የሚያልፈው መንገዱ አቋራጭ ስለሆነ አልነበረም። አቋራጩ በሌላ በኩል ነው። ባለክሯን ሊያገባ ፈልጎ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮባታል።

እሷም ፈልጋዋለች፤ ይህንን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ችግሩ ባል ነበራት። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወደ ኦጋዴን ከወረደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አልተመለሰም፣ ደብዳቤ የለም፣ አየሁት የሚል የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነባት። የነፍስ አባቷ ደግሞ ደግ ቢሆኑም ሕግ አጥባቂ ናቸው። «ወይ የሕይወቱን ደብዳቤ፣ ወይ የሞቱን ምስክር አምጪልኝ፤ ያለዚያ ባለባል ነሽ» አሏት። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱ እስኪመጣ ዶክተራችን ቁልፍ እየገዛ ይኖራል። በዚያ ዓመት የገዛው ቁልፍ ለአንድ ሻለቃ ጦር ልብስ ይበቃ ነበር።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ጠዋት ከድሬ ጠያራ ወተት ይዛ የምትመጣ ሴት ፈላና በር አጠገብ ግንቡን ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ታያለች። ሰላም ትለዋለች፣ ዝም ይላታል። ደግማ ሰላም ትለዋለች፣ አሁንም ዝም። ይህን ባለጌ አንድ ነገር ልትለው ጠጋ ስትል ሞቷል። እኛ ወሬውን ሰምተን ስንደርስ ፖሊስ ሸራ አልብሶት ነበር። የሚታየው ሁለት እግሩና አጠገቡ ጎን ለጎን የተቀመጠ ጫማው ብቻ ነው። ወረቀት የለው፣ የሚያውቀው የለ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው እፍኝ የማትሞላ ቆሎ ናት። አንገቱ ላይ ማዕተብ ስለተገኘ ከአስከሬን ምርመራው በኋላ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ደጓሹ «ማዕተቡ ባይኖር እኛ ያኔውኑ ከዐሱር ሰላት በፊት በቀበርነው» አሉ፤ አንድ ቀን ማደሩ ከንክኗቸዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ሱቅ ሱቅ መሆኑ ቀረ። ደንበኛ ቀሚስ ሊለካ መጥቶ አስተያየቱን ሰጥቶ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ድል ያገኙት ደጓሹ ናቸው። «ሰውየው የሞተው ጎህ ከቀደደ በኋላ ነው» አሉ ጫታቸውን እየቀነጠቡ። «ወላሂ፣ ሌሊት ሞቶ ቢሆን ወራባ ይምረው ነበር? በዚያ በር አጠገብ ነው የሚያልፈው። የፈጅር አዛን ሲሰማ ወደ ዱሩ ይመለሳል። እንግዲህ ከአዛን በኋላ፣ ወተት ሻጯ ሳትመጣ።» ወራባ የሚሉት ጅቡን ነው። ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ አሥር አለቃ ይህን ሲሰማ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈው። ጅብን በሰዓትነት የመዘገበ ፖሊስ ከሐረር ሌላ ያለ አይመስለኝም።

«በምን ሞተ?» የሚለው ግን ከበደን። አንዱ ሰፊ ተመርዞ ነው አለ። ሌላው ጣሊያን ግንቡ ሥር የቀበረውን ወርቅ ፍለጋ የመጣ ነው አለ፤ ያ ወርቅ በኛ ሰፈር የማይገባበት ጉዳይ አልነበረም። አስከሬኑ ሲመረመር ሆስፒታል የነበረው ዶክተራችን ተጠየቀ።

«ቁስል የለውም። መርዝም አይመስልም። ልቡ ቆሞ ነው» አለ።

«የማን ልብ ነው ሳይቆም የሞተው፣ አቦ?» አሉት ደጓሹ።

ባለክሯ እስከዚያ ድረስ ክር እየጠቀለለች ታዳምጥ ነበር። «ጫማውን አያችሁት?» አለች። «እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ጫማው ንጹህ ነው። እንግዲህ ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የመጣው።»

«ታዲያ ይህ ምኑ ይገርማል?» አሉ ደጓሹ። «የገጠር ሰው ጫማውን የሚያደርገው ከተማ ሲገባ ነው። እንዳያልቅበት ይይዘዋል። በሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሊያጠልቅ ሲል አጀሉ ደረሰ፣ ቀኑ ሞላ።»

«ሊያጠልቅ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ ጭቃውን ያብሳል፣ አባቴ። አጠገቡ ሣር አለ፣ ውኃ አለ። አልነካውም። ይህ ሰው ሊያጠልቅ አላሰበም። ቁልቢ ገብርኤል መቼ ነው? በባዶ እግሬ እደርሳለሁ ብሎ የተሳለ ሰው ነው። ጫማውን የያዘው ለመመለሻው ነው።»

ደጓሹ ጥቂት አሰቡና «ማሻ አላህ» አሉ፤ ክርክር ሲሸነፉ ይህችን ነበር የሚሉት። እኔ እግሩን እያየሁ ጭቃውን ባለማስተዋሌ በራሴ ተናደድኩ። ሰፊ ነኝ፣ የሰው ልብስ የኔ ድርሻ ነበር፤ እሱንም ሸራው ሸፍኖብኛል።

ድርሻዬ በሦስተኛው ቀን መጣ። አሥር አለቃው የሟቹን ልብስ የሚያውቅ ካለ ብሎ በጣቢያው በረንዳ ላይ ሰቀለው። ሦስታችን ሄድን። አሮጌ ካኪ ኮት ነው። ባለክሯ መጀመሪያ ያየችው ቁልፎቹን ነው፤ ሌላ ምን ታይ? ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። አራተኛው የተለየ ሆኖ፣ በአረንጓዴ ክር ብዙ ጊዜ ተመላልሶ ተተክሏል።

«ይህን ሰፊ አልተከለውም» አለች። «ሰፊ ለክር ይሳሳል። ይቺ ሴት ናት፤ እንዳይወድቅበት ብላ ክሩን የጨረሰችው። ሚስት አለችው። አሁን እየጠበቀችው ነው።» ድምፅዋ ትንሽ ተለወጠ፤ መጠበቅን የምታውቅ ሴት ነች።

እኔ ግን እሷን መስማት አቁሜ ነበር። የኮቱን ገበር ገልብጬ ጥግ ላይ ሦስት አጫጭር ስፌቶች አይቻለሁ። ሰፊ ሁሉ ምልክት አለው፤ ያቺ የኔ ናት። ቀጥዬ የግራ ኪሱን አየሁ። ሁለት ጣት ዝቅ ብሏል። ሱቄን በከፈትኩበት ሰሞን አንድ ካኪ ኮት ሰፍቼ፣ እጄ ገና ስላልጸና የግራ ኪሱ ዝቅ ብሎብኝ፣ ደንበኛው እጁን ሲከት ትከሻው እየዘነበለ አፍሬ ነበር። ደንበኛውም ስቆ «ግድ የለም፣ አንድ ጎኔ ይረዝማል» ብሎ ወሰደው። ያ ደንበኛ የባለክሯ ባል ነበር።

እሷ ስለዚያች ምስኪን ሚስት ስታወራ አጠገቧ ቆሜ «ቁልፉን የተከልሽው አንቺው ነሽ፣ ዘጠኝ ዓመት አስረሳሽ» እያልኩ በልቤ አለቅስ ነበር።

በሥራ አሳብቤ ወደ ኋላ ቀረሁና ለአሥር አለቃው ነገርኩት። ፈረምኩ። ከዚያ ለደጓሹ ነገርኳቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ኮት እኮ ከሰው ሰው ይሄዳል» አሉ።

«ኪሱ ዝቅ ያለ ኮት በሕይወቴ አንድ ብቻ ነው የሰፋሁት» አልኳቸው ተቆጥቼ። እውነቱን ለመናገር እሳቸውም አጥብቀው አልተከራከሩኝም። ሁለታችንም እሱ እንዲሆን ፈልገን ነበር። እሱ ከሆነ እሷ ነጻ ናት። ለነፍስ አባቷ ምስክር ተገኘ፣ ዶክተራችንም ከቁልፍ መግዛት ዳነ። የምንፈልገውን ነገር በማስረጃ ስናገኘው ደግሞ ማን ይመልሰናል?

አሁን መርዶ ሊኖር ነው። መርዶ በኛ ዘንድ ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የነፍስ አባት ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ አገር ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። የነፍስ አባቷ እሑድ ጠዋት ይሁን ስላሉ ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ግርግር ምስጢር ይዞ መዋል ነበረበት። ያን ጊዜ እንደሆነው ያለ ነገር ዳግመኛ አላየሁም።

ክርሽ ይበጠሳል እያሉ የሚነዘንዟት ሰፊዎች ክሯን ማሞገስ ጀመሩ። አንዱ «እንዲህ ያለ ክር አዲስ አበባም የለም» ሲላት ሰማሁት፤ ያ ሰውዬ እናቱን እንኳ አመስግኖ አያውቅም። አንዷ ሙዝ አመጣችላት። በጠዋቱ ሲያልፉ ሁሉም «ደኅና አደርሽልን?» ይሏታል፣ ፊታቸውን አዘንብለው። ደጓሹ ጫታቸውን ትተው ሦስት ጊዜ ደረጃዋ ላይ ተቀምጠው ተነሱ። እሷ ደግሞ ስለ ሟቹ ማውራቷን አልተወችም። «ሚስቱ ቁልቢ አድሮ ይመጣል ብላ ገና አልሰጋችም ይሆናል» ትላለች፤ እኛ ምራቃችንን እንውጣለን። ዶክተራችን ብቻ ከዚያ ወዲህ በእኛ በኩል ማለፉን ተወ። ነገሩ ለኔ ይጠቅመኛልና ፍርዱ ውስጥ አልገባም አለ፤ ሰው ማለት እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ባለክሯ መንገዱን ተሻግራ መጣችና መቀሴን ከእጄ ወሰደች።

«ደርሼባችኋለሁ» አለችኝ።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ሁላችሁም ተስማምታችሁ ክር ከሌላ ልትገዙ ነው። ከየመን የመጣው ነጋዴ አነጋግሯችኋል። አዝናችሁልኝ ነው ሙዝ የምታበሉኝ።»

እንዳልስቅ መኪናዬን መርገጥ ጀመርኩ፤ ጨርቅ አልነበረበትም። ባዶ መኪና ስረግጥ ቆማ አየችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚያ ብቻ ጉዱን ታወጣው ነበር።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሄድን። የነፍስ አባቷ፣ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ደጓሹ፣ እኔ። ዶክተሩን ግድ ብለን አምጥተነው ከኋላ ቆሟል። ባለክሯ በሩን ከፍታ አየችንና «ለክር ይህን ያህል ሽማግሌ?» አለች። ከዚያ የነፍስ አባቷን አየች። ፊቷ ደነገጠ።

አባ እንደ ወጉ ዙሪያውን ከዞሩ በኋላ ነገሩን ተናገሩ። ፈላና በር የሞተው ሰው ባልሽ ነው፤ ኮቱን የሰፋው ይኸው መስክሯል አሉ። እሷ አላለቀሰችም። ወደኔ ዞረች።

«ያንተ እጅ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እንዳትሳሳት።»

«እትዬ፣ እጄን አላውቅም እንዴ?»

ከዚያ አሻግራ ዶክተሩን ጠየቀችው። «ሟቹን ያየኸው አንተ ነህ። የፊት ጥርሱ ሙሉ ነበር?»

ዶክተሩ የትኛው መልስ እንደሚጎዳውና የትኛው እንደሚጠቅመው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። «ሙሉ ነበር» አለ።

ባለክሯ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ጸሎት መሰለኝ። ሲቆይ ነጠላዋን ታጠቀችና አለቀሰች፤ ሰፈሩም ደጅ ሆኖ ይጠብቅ ስለነበር አብሮ ጮኸ። ድንኳን ተተከለ። ሟቹ ስም አገኘ፣ ፍትሐቱ ዳግመኛ በስሙ ተፈታ፣ አርባው ወጣ። ዓመቱ ከዞረ በኋላ ዶክተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ላከ። የሠርጉን ሱፍ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደጓሹ በሠርጉ ላይ ከሁሉ በላይ ሳቁ፤ ግብዣው ላይ የእስላም ሥጋ ለብቻው ታርዶ ተሰናድቶላቸው ነበር። እኔም ይህን ሁሉ ደስታ ያመጣው የኔ ዓይን ነው ብዬ ተኩራርቼ ነበር፤ ለሰው ሁሉ አወራሁት።

ኩራቴ አንድ ዓመት እንኳ አልቆየም። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ካኪ ኮት አዘዙኝ። ካኪ መስፋት ከተውኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና በመጀመሪያ ዘመኔ ጨርቅ የምቆርጥበትን የካርቶን ልክ ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ያን ካርቶን ያኔ ከደጓሹ ለምኜ፣ ከድጉስ የተረፈ ጠንካራ ወረቀት ላይ የቆረጥኩት ነው። ጨርቁ ላይ ዘርግቼ በጠመኔ ሳሰምር የግራ ኪሱ ምልክት ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ አየሁት።

ተቀመጥኩ። ለካ ያን ጊዜ የተሳሳተው እጄ አልነበረም። ካርቶኑ ነው። በዚያ ካርቶን የቆረጥኳቸው ኮቶች ሁሉ ኪሳቸው ዝቅ ያለ ነው፤ እኔ ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር ያየሁት፣ ሌሎቹ ደንበኞች ትከሻቸው ሲዘነብል አልነገሩኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሞኙም ወረቀቱም አንድ ሱቅ ውስጥ ተገናኝተን ነበር። የደንበኛ ፊት ደግሞ ትዝ አይለኝም፤ እኔ የማስታውሰው ትከሻና ደረት ነው።

የሰው ሚስት ድሬያለሁ ማለት ነው። ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። በአራተኛው ካርቶኑን ጠቅልዬ መንገዱን ተሻገርኩና ባለክሯ እግር ሥር ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ጨርሼ ቀና ስል እየሳቀች ነው።

«አሁን ነው የገባህ?» አለችኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ባሌ የፊት ጥርሱን በልጅነቱ በቅሎ ረግጣው አጥቶታል። ስንጋባም አልነበረውም። ኮቱን ስትለካው ሲስቅ አላየኸውም?» ሳቋ ቆመ። «ቁልፉንም እኔ አልተከልኩትም። አረንጓዴ ክር ሸጬ አላውቅም፣ ቀለሙ ይለቃል።»

«ታዲያ ባልሽ ቢመለስስ?» አልኳት።

«ይመለስ። አሥር ዓመት የት ነበርክ ብዬ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ» አለች። ሰውን ማሳቅ ይሆንላታል። ግን ያን ጊዜ ዓይኗ አልሳቀም። ክሮቿን ስታስተካክል ቆየችና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች። «ስሙኝ ብዬ ልናገር ነበር፣ ያን ጠዋት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ደከመኝ። ለዶክተሩ ያኔውኑ ማታ ነግሬዋለሁ፤ በውሸት ላገባው አልፈለግሁም። ዓመት ሙሉ የጠበቀው ለወግ ብቻ መሰለህ? ከራሱ ጋር ሲታገል ነው። እኔን ግን የሚያስጨንቀኝ ሰው ያውቃል አያውቅም አይደለም። ያቺ ሴት ናት። ባሏን በራሴ ባል ስም ቀበርኩባት። እኔ ከመጠበቅ ወጣሁና እሷን አስገባሁ።»

ከዚያ ጠቅልዬ ያመጣሁትን ካርቶን ዘረጋችና «በዚህ ስንት ኮት ሰፋህ? ለማን ለማን?» አለችኝ። ለካ ሁለት ክረምት ወደ ቁልቢ የሚያልፈውን ስለተኛ ሁሉ ስትጠይቅ ነበር፤ የጎደላት የኔ ማስታወስ ነው።

ምርመራው እንደገና ተከፈተ። በዚህ ጊዜ አራታችን ብቻ ነን፤ ደጓሹም ነገሩን ሲሰሙ «ኮት ከሰው ሰው ይሄዳል አላልኩም?» ብለው ከቂማቸው ተገላገሉ። ፊት ባላስታውስ ትከሻ አስታውሳለሁና አንድ በአንድ አወጣናቸው። ሰባት ኮት ነው። አንዱ የባሏ ነው። አራቱ እዚያው ሐረር ውስጥ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎች ላይ፣ ግራ ትከሻቸውን አዘንብለው ይሄዳሉ፤ አይተን አረጋገጥን። አንዱ የተሰፋለት ሰው በሕመም እቤቱ ሞቷል። የቀረው ከጉርሱም ወደ ውስጥ ካለ ገጠር ለሠርጉ ሊያሰፋ የመጣ፣ ደረቱ ሰፊ ጎልማሳ ነው። በጉርሱም መኪና የሚመጣ ሰው ሁሉ ተጠየቀ። በሁለተኛው ወር መልስ መጣ። ሚስቱ በወሊድ ልትሞት ስትል ቁልቢ ገብርኤልን በባዶ እግሩ ሊሄድ ተስሎ፣ እሷ ስትድን የወጣና ያልተመለሰ ሰው አለ።

አራታችን ሄድን። በአውቶቡስ ጉርሱም፣ ከዚያ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ። የሰፈሩን ቄስ አስቀድመን አገኘንና እዚያው አድረን፣ በማግስቱ ጠዋት እንደ ወጉ ይዘናቸው ደረስን። ሴትዮዋ ከቤቷ ወጣች፤ ገና ወጣት ናት። አራት እንግዳ ሰውና የሰፈሯ ቄስ በጠዋት ደጇ ላይ ቆመን ስታይ ገባት። «ሁለት ዓመት ሙሉ እናንተን ስጠብቅ ነበር» አለች።

የት እንደተቀበረ ጠየቀች። ፍትሐት ተፈትቶለት እንደሆነ ጠየቀች። ነገርናት። ከዚያ «ማን አለቀሰለት?» አለች።

«እኔ» አለች ባለክሯ።

«ምኑ ነሽ?»

ባለክሯ ሁሉንም ነገረቻት። ኮቱን፣ ጥርሱን፣ ጨፍና የዋሸችውን፣ ያገባችውን። ምንም አልሸሸገችም፤ ዶክተሩንም «ባሌ ይኸው ነው» ብላ አሳየቻት። እኔ ሴትዮዋ ድንጋይ ታነሣለች ብዬ ነበር፤ ብታነሣም እውነቷን ነው።

ሴትዮዋ ዶክተሩን አይታ ወደ እሷ ተመለሰች። «አርባውንም አወጣሽለት?»

«አወጣሁ። ሙት ዓመቱንም።»

«ያንቺንስ ማን አለቀሰለት?»

«አላውቅም። ሞቶ እንደሆነም አላውቅ።»

«ስሙን ንገሪኝ።»

«ባይሞትስ?» አለች ባለክሯ።

«ካልሞተ ግድ የለም። ልቅሶ ሰው አይገድልም።»

ባለክሯ የባሏን ስም ነገረቻት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ታጥቃ ወደ ግቢው መሐል ወጣችና የባሏን ስም ጠርታ ጮኸች፤ አስከትላም የዚያን የማታውቀውን ሰው ስም ጠራች። ጎረቤቶቿ እየሮጡ መጡ። ሁለተኛው ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁለቱንም ስም ተቀብለው አለቀሱ።

ባለክሯ ያኔ በድንኳኑ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ድምፅዋ ያምር ነበር፣ ግጥምም ትደረድር ነበር። አሁን ግጥም የለም። እመሬቱ ላይ ቁጭ ብላ በአሥራ አንደኛው ዓመት ባሏን አለቀሰችው። ዶክተራችን እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ አጠገቧ ተቀምጦ ዓይቶት የማያውቀውን ያን ሰው በስሙ እየጠራ አብሯት አለቀሰ።